ዜክት፦ ስለ ጀርመኑ ባለ አረፋ ወይን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጀርመን የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ሱፐርማርኬት ገብታችሁ የወይን መደርደሪያው ጋ ስትደርሱ ቡሹ በሽቦ የታሰረ፣ አንገቱ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ጠርሙስ በሽ ነው። አንዱ 3 ዩሮ ከ99፣ አጠገቡ ያለው 18 ዩሮ። ሠርግ ወይም ምርቃት ሲኖር ከመካከላችን አንዱ "ሻምፓኝ ይዘህ ና" ተብሎ ይላካል፣ እሱም ዜክት ይዞ ይመጣል። ማንም ልዩነቱን አይጠይቅም። እኔም አልጠይቅም ነበር። አንድ መኸር ራይንሄሰን ውስጥ አንድ የወይን ገበሬ ጋ ለቀማ ሠርቼ ነው ነገሩ የገባኝ። ከዚያ ወዲህ የዘመድ የጓደኛው ጥያቄ ሁሉ ወደ እኔ ነው። ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዜክት ሻምፓኝ ነው ወይስ አይደለም?

አይደለም። ሻምፓኝ ከፓሪስ ወደ ምሥራቅ ያለ የፈረንሳይ አውራጃ ስም ነው፣ እዚያ ካልተሠራ በዚያ ስም አይሸጥም። እኛ ግን የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሁሉ "ኦሞ" እንደምንለው፣ ቡሹ የሚፈነዳውን ሁሉ ሻምፓኝ ብለን ጨርሰነዋል።

ዜክት የቦታ ስም አይደለም፣ የመጠጥ ዓይነት ነው። ከወይን ጠጅ ይሠራል፣ አረፋው ከራሱ መፍላት የመጣ መሆን አለበት፣ አልኮሉ ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግፊት ደግሞ ቢያንስ 3.5 ባር። ጋዝ ከውጭ እንደ ለስላሳ የተነፋበት መጠጥ ዜክት ተብሎ መሸጥ አይችልም።

አረፋው ታዲያ ከየት ይመጣል?

ጠጅ ወይም ጠላ ቤቱ ውስጥ ሲፈላ የሰማ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ያ ጋኑ ውስጥ ጭጭ ጭጭ የሚለው ድምፅ ጋዝ ነው። እርሾ ስኳር ይበላል፣ አልኮልና ጋዝ ያወጣል። ጋኑ በደንብ ስላልታሸገ ጋዙ አየር ላይ ይጠፋል።

ዜክት ሠሪው የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፣ ግን መውጫውን ይዘጋበታል። መጀመሪያ ተራ ነጭ ወይን ጠጅ ይሠራል፣ አረፋ የሌለው፣ ኮምጠጥ ያለ፣ እንዲያው ለብቻው ቢጠጣ ፊት የሚያስጨፈግግ። ከዚያ በሊትር 24 ግራም ገደማ ስኳርና እርሾ ጨምሮ ይዘጋዋል። እርሾው ሁለተኛ ጊዜ ያፈላዋል፣ ጋዙ መሄጃ ሲያጣ ወይኑ ውስጥ ይሟሟል። ግፊቱ 6 ባር ገደማ ይደርሳል። የቤት መኪና ጎማ ብዙ ጊዜ ከ2.5 ባር አያልፍም፣ እንግዲህ አስቡት። ጠርሙሱ እንደዚያ ወፍራምና ከባድ የሆነው ለጌጥ አይደለም።

ጠርሙስ ውስጥ ከፈላ አተላው የት ይሄዳል?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ጠላ ቢሆን ይጠለላል። ይሄን ግን ከፍታችሁ ብታጠልሉት ጋዙ ያመልጣል፣ የስንት ወር ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ አተላውን ቀስ በቀስ ወደ አንገቱ ያወርዱታል። ጠርሙሶቹ ቀዳዳ ባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በአንገታቸው ይሰካሉ፣ መጀመሪያ ጋደም ብለው። አንድ ሰው በየቀኑ እየመጣ እያንዳንዱን ነቅነቅ፣ ዞር፣ ትንሽ ደግሞ ቁልቁል ያደርገዋል። ከሳምንታት በኋላ ጠርሙሱ በአናቱ ይቆማል፣ አተላው ሁሉ ክዳኑ ላይ ይከማቻል። ዘዴው በ1810ዎቹ ፈረንሳይ ራንስ ከተማ፣ ክሊኮ የምትባል ሻምፓኝ ሠሪ መበለት ቤት የተገኘ ነው። ዛሬ በአብዛኛው ማሽን ነው የሚያዞረው፣ 500 ያህል ጠርሙስ አንድ የብረት ቅርጫት ውስጥ አስገብቶ።

እኔ የሠራሁበት ገበሬ ግን ጥቂቱን አሁንም በእጁ ያዞር ነበር። አንድ ጠዋት ምድር ቤት እንድረዳው ጠራኝ። ጠርሙሶቹ ተገልብጠው አንገታቸው ብቻ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሯል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንዱን አነሣ፣ ቀና አደረገው፣ የቢራ ቆርኪ የሚመስለውን ክዳን ፈነቀለ። "ጷ!" የጣት ጫፍ የምታህል ቡናማ በረዶ ተፈናጥራ ባልዲው ውስጥ ገባች። አተላው እሷ ነበረች፣ ከአንድ ዓመት በላይ የተጠራቀመ። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ወይን ጥርት ብሎ ምንጭ ውሃ መስሏል። የጎደለውን ጥቂት በወይንና በስኳር ቅልቅል ሞላ፣ ቡሽ፣ ሽቦ፣ አለቀ። ሁለተኛውን እኔ ልሞክር አልኩ። በረዶው ከወጣ በኋላ ቶሎ በአውራ ጣት መዝጋት እንዳለብኝ አልነገረኝም፣ ወይም ነግሮኝ በጀርመንኛ ስለሆነ አልገባኝም። ግማሹን ጫማዬ ጠጣው።

3 ዩሮ ከ99 የሆነውም እንደዚህ ተለፍቶበት ነው?

ኧረ በጭራሽ። ጀርመን ውስጥ የሚሠራው ዜክት ከ90 በመቶ በላይ የሚፈላው ጠርሙስ ውስጥ ሳይሆን ትልቅ የታሸገ የብረት ታንክ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ በብዙ ሺህ ሊትር። ከዚያ ግፊቱ ሳይለቅ ይጣራል፣ ይታሸጋል። በሕጉ መሠረት ፋብሪካው ውስጥ ከመፍላቱ ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየት አለበት፣ ጠርሙስ ውስጥ የሚፈላው ደግሞ እርሾው ላይ ቢያንስ ዘጠኝ ወር።

ታንክ ማለት መጥፎ ማለት አይደለም። የጣልያኑ ባለ አረፋ ወይን ፕሮሴኮም በአብዛኛው እንደዚያው ነው። ታንክ ውስጥ የተሠራው ፍሬ ፍሬ ይላል፣ ፖም ፖም፣ ዕንቁ ዕንቁ። ጠርሙስ ውስጥ እርሾው ላይ የከረመው ግን ትኩስ ዳቦ ዳቦ የሚል ጠረን ያመጣል፣ አረፋውም ደቃቅ ነው። የምትከፍሉት ልዩነት ይሄ ነው። ብርቱካን ጭማቂ ልትደባልቁበት ከሆነ የታንኩ ይበቃችኋል፣ ገንዘብ አታባክኑ።

ጀርመን ውስጥ ማን ጀመረው?

ጌኦርግ ክርስቲያን ኬስለር የሚባል ሰው። በ1787 ሃይልብሮን ተወለደ፣ ወጣት ሆኖ ፈረንሳይ ሄደ፣ ያችው መበለት ክሊኮ ቤት ተቀጠረ። ጎበዝ ነበርና እስከ ላይ ወጣ። ከዚያ በ1826 አገሩ ተመልሶ ኔካር ወንዝ ዳር ኤስሊንገን ከተማ የራሱን ቤት ከፈተ። ድርጅቱ ዛሬም እዚያው አለ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ሕንፃ ውስጥ። ሽቱትጋርት ያላችሁ በባቡር ቅርባችሁ ነው፣ ምድር ቤቱን ያስጎበኛሉ።

የሚገርመው የተገላቢጦሹ ነው። ታላላቅ የሚባሉት የሻምፓኝ ቤቶች ስማቸውን ልብ በሉ፦ ክሩግ፣ ቦሊንገር፣ ሙም፣ ዶይትዝ፣ ሃይድሲክ። ፈረንሳይኛ ይመስላል? ሁሉም ከጀርመን ሄደው እዚያ የከበሩ ሰዎች ናቸው። ክሩግ የማይንዝ ልጅ ነው፣ ዶይትዝ የአኸን። ቋንቋ ስለሚችሉ ብዙዎቹ ደብዳቤ ጸሐፊና ሻጭ ሆነው ይቀጠሩ ነበር፣ ኋላ የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። ሙሞች ግን የፈረንሳይ ዜግነት ሳይወስዱ ቆይተው አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ንብረታቸው የጠላት ንብረት ተብሎ ተወረሰ። ወረቀት ሳያስጨርስ የሚኖር ስደተኛ ይሄን ታሪክ ሲሰማ አንጀቱ ይላወሳል።

"ዜክት" የሚለው ስም ከየት መጣ?

በርሊን ከአንድ መጠጥ ቤት ነው ይባላል። ሉድቪግ ዴቭሪየንት የሚባል ዝነኛ ተዋናይ በ1825 ገደማ የሼክስፒርን ፋልስታፍ ሆኖ ይጫወት ነበር። ገጸ ባሕሪው መድረክ ላይ "ሳክ አምጣ!" እያለ የሚጮህ ጠጪ ነው፣ ሳክ ማለት ደግሞ የስፔን ወይን ነው። በጀርመንኛው ትርጉም ዜክት ሆኗል። ተዋናዩ ከመድረክ ወርዶ ሉተር ኡንድ ቬግነር የሚባለው ቤት ይሄድና በዚያው ድምፅ ያንኑ ይጮሃል። አሳላፊው ሰውዬው ሁልጊዜ የሚጠጣው ሻምፓኝ መሆኑን ያውቃልና ሻምፓኝ ያመጣለታል። የዚያ ቤት ሰው ሁሉ ቃሉን ለመደ፣ በርሊን ለመደው፣ ከዚያ አገሩ ሁሉ። ማለት ከዓለም ትልልቅ የባለ አረፋ ወይን ገበያዎች አንዱ ስሙን ያገኘው ከቀልድ ነው።

ያኔ ግን ስሙ የሰፈር ቃል ብቻ ነበር። ጠርሙሱ ላይ ጀርመኖቹ ያለ ይሉኝታ "ሻምፓኝ" ብለው ይጽፉ ነበር። ያ የቀረው አንደኛውን የዓለም ጦርነት ተሸንፈው በ1919 የቬርሳይን ስምምነት ሲፈርሙ ነው። ከሌላው ቅጣት ሁሉ መካከል የአሸናፊዎቹን የቦታ ስሞች እንዲያከብሩ የሚል አንቀጽ ነበረበት። የሰፈሩ ቃል ያኔ ሥራ አገኘ። በኋላ ደግሞ ዜክት የሚለው ቃል የኛ ብቻ ይሁን ብለው ሕግ አወጡ፣ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ግን በ1975 አይሆንም አላቸው።

እውነት ነው ዜክት ላይ ለጦር መርከብ ግብር ይከፈላል?

እውነት ነው። ስነግራቸው የሚያምኑኝ ጥቂት ናቸው።

በ1902 ቄሳር ዳግማዊ ቪልሄልም ከእንግሊዝ የሚተካከል የባሕር ኃይል እየሠራ ነበር። መርከብ ደግሞ ገንዘብ ይበላል። የጀርመን ምክር ቤት በዚያው ዓመት ባለ አረፋ ወይን ላይ ግብር ጣለ፣ በጠርሙስ 50 ፕፌኒግ፣ ግማሽ ማርክ ማለት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ዜክት የሚጠጣ ሀብታም ነው፣ ሀብታም ለአገር መከላከያ ይክፈል። እንደ ሐሳብ ክፉ አይደለም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ጀርመን ተሸነፈች። የባሕር ኃይሉ ተይዞ ስኮትላንድ ስካፓ ፍሎው ወደብ ቆሞ ሳለ፣ ሰኔ 1919 መርከበኞቹ እንግሊዝ ከሚወስደው ብለው በገዛ እጃቸው አሰመጡት። ከ74 መርከብ 52ቱ ወረደ። ግብሩ ግን አልሰመጠም። በ1933 ኢኮኖሚው ሲደቅ አነሡት። በ1939 ሁለተኛው ጦርነት ሲጀመር በጠርሙስ 1 ማርክ አድርገው መለሱት። ጦርነቱ አለቀ፣ ማርኩም ራሱ ጠፍቶ ዩሮ ገባ፣ ግብሩ አለ። ዛሬ በሄክቶሊትር 136 ዩሮ ነው፣ ማለት በ0.75 ሊትር ጠርሙስ 1 ዩሮ ከ2 ሳንቲም።

እስቲ ያን 3.99 ጠርሙስ እናፍታታው። በውስጡ 19 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፣ 64 ሳንቲም ገደማ። የመርከቡ ግብር 1.02። ተቀነሰ፣ የቀረው 2 ዩሮ ከ33። በዚያ ላይ ወፍራሙ ጠርሙስ፣ ቡሹ፣ ሽቦው፣ ወረቀቱ፣ መጓጓዣው፣ የሱፐርማርኬቱ ትርፍ። ወይኑ ራሱ ስንት ቀረለት? ቅናሽ ተደርጎ 2.99 ሲሆን ደግሞ እናንተው አስሉት። ግብሩ ለርካሹም ለውዱም እኩል ነው፣ ሀብታሙን ያስከፍላል የተባለው ሕግ ዛሬ የሚከብደው ርካሹን የሚገዛው ላይ ነው። ተራ ወይን ጠጅ ላይ ደግሞ ጀርመን እንዲህ ዓይነት ግብር የለም፣ ዜሮ።

በገመድ የታሰረው ፕሮሴኮ ለምን ይረክሳል?

በዚያው ግብር ምክንያት። ሕጉ የሚይዘው ግፊቱ ከፍ ያለውንና ቡሹ በሽቦ የታሰረውን ነው። ጣልያኖቹ ፍሪዛንቴ የሚሉት ቀለል ያለው ዓይነት ግፊቱ ከ2.5 ባር አይበልጥም፣ ስለዚህ ያቺን 1.02 አይከፍልም። ቡሹን በገመድ ወይም በተራ ክዳን የሚዘጉት ለዚያ ነው። ጀርመኖቹም ሴኮ የሚሉትን በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። በጋ ላይ በረንዳ ላይ ለመጠጣት ሴኮ ክፉ አይደለም፣ ብርጭቆ ውስጥ ግን አረፋው ቶሎ ይሞታል።

ቀይ ክዳን ያለው ሮትኬፕሸን ምንድነው? ሁሉም ግብዣ ላይ አለ።

ስሙ "ቀይ ቆብ" ማለት ነው፣ ተኩላ ያገኛት የተረቷ ልጅ ስም። በ1856 ፍራይቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኡንስትሩት ወንዝ ዳር፣ ሁለቱ የክሎስ ወንድማማቾችና ፎርስተር የሚባል ጓደኛቸው አቋቋሙት። (ደቡብ ጀርመን ያለው ትልቁ ፍራይቡርግ አይደለም፣ ይሄኛው ምሥራቅ ነው።) ዋናው ምርታቸው ሞኖፖል ይባል ነበር። ፈረንሳዮቹ ሃይድሲኮች "ይሄ ስም የኛ ነው" ብለው ከሰሱ፣ ረቱም። ስም አልባ ሲቀሩ ጠርሙሱን አዩት፣ ክዳኑ ቀይ ነው። በ1894 ቀይ ቆብ አሉት። ክስ ባይሸነፉ ኖሮ ይሄን የመሰለ ስም አያገኙም ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካው በምሥራቅ ጀርመን ክልል ቀረ፣ መንግሥት ወረሰው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዓመት 15 ሚሊዮን ጠርሙስ ገደማ ይሸጥ ነበር፣ ምክንያቱም ልደትም ሠርግም እሱው ነው፣ ሌላ ብዙ ምርጫ የለም። ግንቡ ሲፈርስ የምሥራቁ ሰው የራሱን ዕቃ ሁሉ ጠላ። ሁሉም የምዕራቡን ነበር የሚፈልገው። ሽያጩ በ1991 ከ3 ሚሊዮን በታች ወረደ። የዚያ ዘመን የምሥራቅ ፋብሪካ አብዛኛው ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል፣ ይዘጋል፣ ሠራተኛው ይበተናል።

ይሄኛው አልተዘጋም። በ1993 ሥራ አስኪያጁ ጉንተር ሃይዘና ጥቂት ባልደረቦቹ ከአንድ የምዕራብ ጀርመን መጠጥ ነጋዴ ቤተሰብ ጋር ሆነው ገዙት። ሰውም ከጥቂት ዓመት በኋላ የልጅነቱ ጣዕም ናፈቀው። በ2002 ደግሞ ያ ሊሞት ነው የተባለው የምሥራቅ ፋብሪካ የምዕራብ ጀርመኑን ሙም ዜክት ገዛ (የፈረንሳዩን ሙም ሻምፓኝ አይደለም)። እንግዲህ በውህደቱ ዘመን ሁሉ ነገር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እየመጣ ሲገዛ፣ ተገላቢጦሹን የሠራ እሱ ነው። ዛሬ የአገሪቱ ትልቁ ዜክት አምራች ነው።

ጣዕሙ? የታንክ ነው፣ ለስለስ ያለ፣ ጣፈጥ ያለ። እኔን ብዙም አይማርከኝም። ፍራይቡርግ ከሄዳችሁ ግን ምድር ቤቱ ውስጥ በ1896 ከ25 የዋርካ ያህል ግዙፍ የኦክ ዛፎች የተሠራ 120,000 ሊትር የሚይዝ በርሜል አለ። አጠገቡ ቆማችሁ ፎቶ ብትነሡ የዳቦ ፍርፋሪ ነው የምትመስሉት።

"ትሮክን" ደረቅ ማለት ነው ተብዬ ገዛሁ፣ ግን ጣፋጭ ነው። አታለሉኝ?

አላታለሉህም፣ የዜክት መለኪያ ሌላ ነው። ተራ ወይን ላይ ትሮክን ማለት በሊትር እስከ 9 ግራም ስኳር ነው። ዜክት ላይ ግን ከ17 እስከ 32 ግራም። በአንድ ጠርሙስ እስከ 24 ግራም፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ! ጋዙና ኮምጣጣነቱ ስለሚሸፍኑት እንጂ ሽሮፕ ነበር።

ጣፋጭ የማትወዱ "ብሩት" የሚል ፈልጉ፣ ከ12 ግራም በታች ነው። "ኤክስትራ ብሩት" እስከ 6፣ "ብሩት ናቱር" ከ3 በታች፣ ይሄኛው ለለመደ ሰው ነው። "ኤክስትራ ትሮክን" ከ12 እስከ 17። "ሃልብትሮክን" ከ32 እስከ 50፣ ከዚያ በላይ "ሚልድ"። የእኛ ሰው ጠጅ ያደገበት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ትሮክኑን ይመርጣል፣ እናቴ ጀርመን መጥታ ብሩት ስትቀምስ "ይሄ ሎሚ ነው" ብላ ብርጭቆውን መለሰችልኝ።

ጀርመን ከተጻፈበት የጀርመን ወይን ነው ማለት ነው?

አይደለም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ፊት ለፊት "ዜክት" ብቻ ካለው ወይኑ ከስፔን፣ ከጣልያን ወይም ከፈረንሳይ በታንከር መጥቶ ጀርመን ውስጥ የፈላ ሊሆን ይችላል፣ ርካሾቹ በአብዛኛው እንደዚያ ናቸው። "ዶይቸር ዜክት" ካለ ወይኑ ሁሉ የጀርመን ነው። "ዜክት ቤ.አ." ካለ ደግሞ ከ13ቱ የወይን ክልሎች ከአንዱ ብቻ የመጣ ነው፣ ክልሉም ይጻፋል፣ ሞዝል ወይም ፋልትስ ወይም ራይንጋው ብሎ።

ከሁሉም የምመክራችሁ "ቪንትሰርዜክት" ነው። የገበሬ ዜክት ማለት ነው። ገበሬው ከራሱ ወይን፣ ጠርሙስ ውስጥ አፍልቶ፣ የወይኑን ዘርና ዓመቱን ጽፎ ያወጣዋል። ዋጋው ከ12 እስከ 18 ዩሮ ባለው ውስጥ ብዙ ታገኛላችሁ። በዚያ ዋጋ ሻምፓኝ ፈልጋችሁ ብታገኙ እንኳ የሻምፓኝ መጨረሻው ነው፣ ዜክቱ ግን ከላይኞቹ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ሪስሊንግ ብሩት ውሰዱ። ሪስሊንግ ኮምጣጣነቱን አይለቅም፣ ለአረፋ የተፈጠረ ዘር ነው፣ ከዶሮ ወጥ ጋር ባይሆንም ከዓሣ ጥብስና ከሳምቡሳ ጋር ቆንጆ ይሄዳል። ሞክሬዋለሁ።

ላይኛው እርከን ላይ ደግሞ ነገሩ እየተለወጠ ነው። የቦሊንገር የወይን ጠማቂ ኃላፊ የነበረው ማትዩ ካውፍማን በ2013 ሻምፓኝን ትቶ ፋልትስ፣ ዳይደስሃይም መጣ። ከ200 ዓመት በፊት ጀርመኖቹ ወደዚያ ይሄዱ ነበር።

ለሠርግ ስንት ጠርሙስ ይበቃል?

አንድ ጠርሙስ በ0.1 ሊትር ሰባት ብርጭቆ ያወጣል። ለመልካም ምኞት ብቻ ከሆነ ለ100 ሰው 15 ጠርሙስ። ለሐበሻ ሠርግ 20 በሉት፣ ያልተጠራ ይመጣል።

ለማይጠጡ እንግዶችስ?

"አልኮሆልፍራይ" የሚለው አለ። አልኮሉ ከወይኑ ላይ በዝቅተኛ ግፊት፣ ብዙ ሳይሞቅ ተንኖ ይወጣል፣ ጋዙ ኋላ ይጨመራል። ልብ በሉ፣ ሕጉ እስከ 0.5 በመቶ አልኮል ይፈቅዳል። ለሃይማኖቱ ጠብታም የማይፈልግ እንግዳ ካላችሁ "0.0" የሚለውን ፈልጉ፣ ወይም የልጆቹን ባለ ጋዝ የወይን ጭማቂ አቅርቡ፣ ጠርሙሱ ከዜክት አይለይም፣ ፎቶ ላይም ማንም አያውቅም። እንግዳውን ሳይጠይቁ "ችግር የለውም ጠጣ" ማለት ግን ነውር ነው።

ሳይፈነዳ እንዴት ይከፈታል?

መጀመሪያ ቀዝቃዛ ይሁን፣ 6 እስከ 8 ዲግሪ። የሞቀ ጠርሙስ ይፈነዳል። መኪና ውስጥ ሲንገላታ መጥቶ ወዲያው አይከፈትም፣ ያርፍ።

ወረቀቱን ላጡ። ሽቦው ስድስት ጊዜ ያህል ይጠመዘዛል፣ ፍቱት፣ ግን ከዚህች ሰከንድ ጀምሮ አውራ ጣታችሁ ከቡሹ ላይ አይነሣ። ጠርሙሱን ወደ 45 ዲግሪ አጋድሉት፣ አፉን ወደ ሰውም ወደ መብራትም አታዙሩ። አሁን ቡሹን በአንድ እጅ ጭብጥ አድርጋችሁ ጠርሙሱን በታቹ ያዙና ጠርሙሱን አዙሩ፣ ቡሹን አይደለም። መውጣት ሲፈልግ ያዝ አድርጉት። "ፍስስ" ካለ ጎበዝ ናችሁ።

የአክስቴ ልጅ ፍራንክፈርት ሲያገባ ሚዜው እንደ መኪና እሽቅድምድም አሸናፊ ነቅንቆ ከፈተው። ቡሹ ጣራው ላይ ነጥሮ የአዳራሹን መብራት ሰበረ፣ መስታወቱ ኬኩ ላይ ወረደ። ኬኩ ተጣለ። የአዳራሹ ባለቤት መብራቱን 180 ዩሮ አስከፈለን፣ እስካሁን ሚዜው አልመለሰም። ይሄን የሚያነብ ከሆነ ራሱን ያውቃል። በቀልድ አትዩት፣ ዓይን ላይ ቢያርፍ ዓይን ያጠፋል።

የተረፈው ለነገ ይቆያል? ማንኪያ አፉ ላይ መስካትስ?

ጀርመን ጎረቤታችሁ የብር ማንኪያ እጀታውን ጠርሙሱ አንገት ውስጥ አንጠልጥሎ ፍሪጅ ሲያስገባ ታዩት ይሆናል። አያቱ እንደዚያ ስታደርግ አይቶ ነው። ማንኪያው ምንም አይሠራም፣ ሥራውን የሚሠራው ፍሪጁ ነው። ጋዝ በቅዝቃዜ ወይኑ ውስጥ ይቆያል። በሁለት ክንፉ ጠርሙሱን የሚቆነጥጥ የዜክት መዝጊያ በ5 ዩሮ ገደማ ይሸጣል፣ እሱን ግዙ፣ እስከ ሁለት ቀን ያደርሳችኋል። የወጣውን ቡሽ መልሳችሁ ልትገፉት አትሞክሩ፣ እርጥብ ሆኖ አብጧል፣ አይገባም። እኔ አንዴ በመዶሻ ሞክሬ ነበር።